ያ የአሻራ ወረቀት

በዚህ አምድ ስለ ትዳር ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሳው ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ዘመድ አዝማድ ነው። ዛሬ ግን በብዙ ቤት ውስጥ ተቀብሮ ስለሚኖር፣ በጉባኤም ሆነ በምክር ክፍል እምብዛም ስለማይነሳ ጉዳይ ላወያያችሁ እወዳለሁ። ይኸውም ጌታን ከማግኘታችን ወይም ከመጋባታችን በፊት በፖሊስ እጅ ስለ ገባንበት፣ አሻራ ስለ ሰጠንበትና ስለ ተፈረደብን ቀን ነው።

ነገሩን በአንድ ባልና ሚስት ታሪክ ልጀምር። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ዝርዝር ግን ለውጬዋለሁ።

እነዚህ ወንድምና እኅት የሚኖሩት በእንጅባራ ነው። በትዳር ዘጠኝ ዓመት አሳልፈዋል፤ ሦስት ልጆችም አሏቸው። እርሱ እንደ ብዙዎቹ የአዊ ሰዎች ዴከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየገዛና እያከሰለ ይሸጣል፤ እርሷ ድንች ትነግዳለች። ኑሮ ሲከብዳቸው በአንድ ድርጅት ውስጥ የመጋዘን ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ተወዳደረ፤ አለፈም። ሚስቱ በደስታ ጌታን አመሰገነች። ድርጅቱ ግን አንድ ወረቀት ጠየቀ፤ አሻራ ሰጥቶ ከፖሊስ የሚያመጣውን ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ።

በማግስቱ ባልየው “ሥራውን ትቼዋለሁ” አለ። “ለምን?” ስትለው “ደመወዙ አይረባም” አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠባዩ ተለወጠ፤ ቁጡ ሆነ፣ ማምሸት ጀመረ፣ የማለዳውን የቤተሰብ ጸሎትም ተወ። በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያን በገንዘብ ያዥነት እንዲያገለግል ስትጠይቀው እርሱንም እምቢ አለ። ሚስት ሌላ ሴት መጥታበት እንደሆነ ጠረጠረች። አንድ ቀን የሕፃኑን የክትባት ካርድ ስትፈልግ በሣጥኑ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አገኘች። አነበበችው። ከ13 ዓመት በፊት በዳንግላ የተሰጠ የፍርድ ግልባጭ ነበር። ባሏ በ19 ዓመቱ በጠላ ቤት በተነሳ ጠብ አንድ ወጣት በዱላ መትቶ ክንዱን ሰብሯል። በቀላል እስራት ተቀጥቶ ጨርሶ ወጥቷል። ካሣም እንዲከፍል ተወስኖበታል።

ወደ እኔ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እርሷ እያለቀሰች “ጋሼ፣ ያቃጠለኝ መታሰሩ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ እኔን እንደ ፖሊስ ሲፈራኝ መኖሩ ነው” አለችኝ። እርሱ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ “ጌታ ይቅር ብሎኛል። እርሱ የሰረዘውን እኔ ለምን አነሳዋለሁ ብዬ ነው” አለ።

ውድ አንባቢያን፣ የእርሱ ንግግር ለብዙዎቻችን ትክክል ይመስለናል። እውነትም አለበት። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆላስይስ 2፥14 በእኛ ላይ የነበረው የዕዳ ጽሕፈት በመስቀሉ መደምሰሱን ያስተምረናል። ይሁን እንጂ በሰማይ የተደመሰሰው ጽሕፈት በዳንግላ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በፖሊስ ጣቢያ ሣጥን ውስጥ ያለውን ወረቀት በራሱ አይቀድደውም። የምድሩ መዝገብ የራሱ በር አለው። ብዙ ወገኖች በፍርሃት የሚኖሩት ይህ በር መኖሩን ስለማያውቁ ነው።

መሰየም ምንድን ነው?

በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 እስከ 237 ስለ “መሰየም” ይደነግጋል። ቃሉ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም የነበረ ነው። መሰየም ማለት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ፈጽሞ፣ በመልካም ጠባይ ኖሮ ሲገኝ ፍርድ ቤት ቀድሞ ወደነበረው ክብሩ እንዲመለስና ፍርዱ እንዲሰረዝ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። ቃሉን ልብ በሉት። ስም ከማውጣት፣ ከመሾም ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። “ወንጀለኛ” ሲባል የነበረው ሰው እንደገና በስሙ ይጠራል።

ሕጉ የሚጠይቃቸው ዋና ዋና ነገሮች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ጊዜ ማለፍ አለበት። ቅጣቱ ጽኑ እስራት ከነበረ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ቀላል እስራት ወይም ሌላ ቀለል ያለ ቅጣት ከነበረ ቢያንስ 2 ዓመት ማለፍ ይኖርበታል። የሚቆጠረው ከተፈረደበት ቀን አይደለም፤ ቅጣቱ ከተፈጸመበት ወይም ቀሪ ከሆነበት ቀን ነው።

ሁለተኛ፣ ከዋናው ቅጣት ጋር መብትን የሚያሳጣ ተጨማሪ ቅጣት ተወስኖ ከነበረ እርሱም መፈጸም አለበት።

ሦስተኛ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውየው በመልካም ጠባይ የኖረና እንደገና አስቦ በሠራው ወንጀል በእስራት ያልተቀጣ መሆን አለበት።

አራተኛ፣ በፍርድ የተወሰነበትን ካሣና ኪሣራ አቅሙ በሚፈቅደው መጠን የከፈለ መሆን አለበት።

እነዚህ ተሟልተው ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድ፣ በአንቀጽ 235 መሠረት ሰውየው በፍርዱ ምክንያት ያጣቸው መብቶች ይመለሱለታል። ፍርዱ ከወንጀለኛነት መዝገቡ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚህ በኋላ በክፋት ተነሳስቶ “አንተ እኮ እስረኛ የነበርክ” እያለ የሚሰድበው ሰው በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። ነገሩ እውነት ነበር ማለት አያድነውም። በቤታችን ጠብ ሲነሳ የባላችንን ወይም የሚስታችንን የድሮ ጥፋት የምንመዝዝ ሁሉ፣ የምድር ሕግ እንኳን ይህን ያህል እንደሚጠነቀቅ እናስተውል።

ይቅርታ፣ ምሕረትና መሰየም

እነዚህን ሦስቱን አንድ አድርገው የሚያዩ ብዙ ናቸው። በበዓላት ሰሞን ታራሚዎች በይቅርታ ሲፈቱ በዜና እንሰማለን። ይቅርታ የቀረውን ቅጣት ያስቀራል ወይም ያቀልላል እንጂ ፍርዱን አይሰርዝም። በአንቀጽ 229 መሠረት ፍርዱ በመዝገብ ላይ ይቆያል፤ ሌሎች ውጤቶቹም ይቀጥላሉ። ስለዚህ በይቅርታ የተፈታ ወንድም “ነገሬ አልቋል” ብሎ ቢቀመጥ ከዓመታት በኋላ ወረቀት ሲጠየቅ ይደነግጣል። እርሱም ጊዜውን ጠብቆ መሰየምን መጠየቅ ይኖርበታል።

ምሕረት ግን ከዚህ ይለያል። በአንቀጽ 230 መሠረት ምሕረት ፍርዱን ራሱን ይሰርዛል፤ እንዳልነበረም ያደርገዋል። ይህ ግን ለተወሰኑ የወንጀል ዓይነቶች በሕግ የሚታወጅ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1089 ለዚህ ምሳሌ ነው። አንድ ሰው በራሱ ማመልከቻ የሚጀምረው መንገድ መሰየም ነው።

ተይዘው ያለ ክስ የተለቀቁ፣ ክሳቸው የተቋረጠላቸው ወይም ፍርድ ቤት ነጻ ያላቸው ወገኖችስ? እነዚህ ፍርድ የለባቸውም፤ ስለዚህ የሚሰረዝ ፍርድም የለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ እንደሚቆጠር ይናገራል። ይሁን እንጂ የዐቃቤ ሕጉን መዝገብ የመዝጋት ውሳኔ ወይም የነጻነቱን ፍርድ ግልባጭ በእጃችሁ ያዙ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው ግጭትና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ተይዘው የተለቀቁ ብዙዎች አሉ። መያዝ መፈረድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችንም እንዲህ ያለውን ሰው በጎን ዓይን ማየት አይገባንም።

የወንጌል አማኞች ደግሞ ይህን ከማንም ይልቅ ልናውቅ ይገባናል። በነሐሴ ወር 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለአምልኮ የተሰበሰቡ ወደ 250 የሚጠጉ የሙሉ ወንጌል አማኞች ተይዘው ታስረዋል። በደርግ ዘመንም ብዙ አባቶችና እናቶች ስለ እምነታቸው ወኅኒ ወርደዋል፤ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በ1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገድለዋል። ስሙ በእስረኛ መዝገብ ላይ የተጻፈ ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም። በሌላ በኩል ወንድምን በዱላ መስበር የእምነት መከራ አይደለምና ሁለቱን አንቀላቅል።

አሻራውስ?

ባልየው አጥብቆ የጠየቀኝ ይህን ነበር። “ፍርዱስ ይሰረዝ፤ ጣቶቼን በቀለም ነክረው ያተሙበት ወረቀትስ ይቀደድልኛል?” አለኝ።

እውነቱን መናገር ይሻላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 235 የሚናገረው ስለ ፍርዱ መሰረዝ ነው። የአሻራው ካርድ ይወገድ የሚል ቃል የለበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አሻራን የመሰሉ የሰውነት መለያዎች ልዩ ጥንቃቄ እንደሚሹም የሚያስገነዝብ ነው። ነገር ግን የወንጀል ምርመራን በተመለከተ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ስለዚህ የመሰየም ትእዛዝ ያገኘ ወይም ነጻ የተባለ ሰው ትእዛዙን አያይዞ፣ መዝገቡ መስተካከሉን እንዲያረጋግጡለትና ስለ አሻራው እንዲወስኑለት ለፖሊስ በጽሑፍ ማመልከት ይችላል። “ይቃጠላል” ብዬ ግን ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለት ሰዎች በየራሳቸው ጉዳይ ተያዙ። አንደኛው የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ በዝርፊያ ሙከራ ተከስሶ ነጻ ወጣ። ሁለተኛው ጓደኛውን በማስቸገር የተከሰሰ ሰው ነበር፤ ጉዳዩ ለፍርድ ሳይቀርብ ታረቁና ክሱ ተቋረጠ። ፖሊስ ግን የሁለቱንም አሻራ አላጠፋም አለ። ኤስ እና ማርፐር በሚል የሚታወቀው ይህ ጉዳይ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 2008፣ በእኛ ኅዳር 25 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ያልተፈረደባቸውን ሰዎች አሻራ ያለ ልዩነትና ያለ ጊዜ ገደብ መያዝ የግል ሕይወትን መጣስ ነው ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2012 ሕጓን አሻሻለች። ውሳኔው እኛን አያስገድድም። ነገር ግን ባልና ሚስት ከታረቁ በኋላ እንኳን መዝገብ ሳይታረቅ ሊቀር እንደሚችል ያስተምረናል።

ያን ወንድም ያጽናናሁት ግን በሌላ ነገር ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 49 እግዚአብሔር ሕዝቡን በእጁ መዳፍ እንደ ቀረጸ ይነግረናል። የእኛ ጣት በፖሊስ ወረቀት ላይ ታትሞ ቢቀር፣ እኛ ደግሞ በማን መዳፍ ላይ እንዳለን እናስብ።

ካሣው

ወደ ታሪኩ ልመለስ። አራቱን ነጥቦች ስናይ ሦስቱ ተሟልተው ነበር። አራተኛው ላይ ስንደርስ ባልየው ዝም አለ። ካሣውን ሳይከፍል ነበር ከዳንግላ የወጣው። አድራሻ ቀይሮ፣ ጌታን ተቀብሎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ኖሯል፤ ክንዱ የተሰበረው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተከፈለውም። “ጌታ ይቅር ብሎኛል” ያለው ወንድማችን ያልነገረን ይህን ነበር።

በሉቃስ 19 የምናውቀው ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ቀን ያሰበው ስለወሰደባቸው ሰዎች ነበር። ማንም ሳያስገድደው አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። መዳን ወደ ቤት ሲገባ የተበደለው ሰውም ይታወሳል።

ከዚህ በኋላ የሆነው እኔንም አስተምሮኛል። ሚስቱ ከድንች ንግዷ ስትጥል የቆየችው ዕቁብ በዚያ ወር ደርሷት ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም ብላ ቆይታ “ሰውየውን አብረን እንየው” አለችው። ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ወደ ዳንግላ ወረዱ። ተበዳዩ መጀመሪያ ሊያናግራቸው አልፈለገም። ባልየው በአገው ቋንቋ ይቅርታ ጠየቀው፤ ያልከፈለውንም በምስክር ፊት አስረከበው። ተበዳዩ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ “እኔ ገንዘቡን ረስቼው ነበር። ያልረሳሁት አንድ ቀን እንኳን መጥተህ እንዴት ነህ አለማለትህን ነው” አለው። የሚስትየው ንግግርና የዚህ ሰው ንግግር አንድ መሆኑን አያችሁን? ሁለቱንም ያቆሰለው ዝምታው ነው።

ከዚያ ማመልከቻው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ቀረበ። የፍርዱ ግልባጭ፣ ቅጣቱን መፈጸሙን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ካሣው የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ስለ ጠባዩ ከቀበሌና ከዕድሩ የተጻፈ ደብዳቤ ተያያዘ። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተለወጠ። በመጨረሻም ትእዛዙ ተሰጠ። ባልየው የትእዛዙን ግልባጭ ራሱ ይዞ ለፖሊስ አደረሰ። የመጋዘኑ ሥራ ግን አልጠበቀውም፤ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ዛሬም ያከስላል። ግን የማለዳው ጸሎት ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ለባለትዳሮችና ለእጮኞች

ከመጋባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ሕጉ ፍርዱን እንዳልነበረ ቢቆጥረውም የትዳር ጓደኛችሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አይደለችም። ለቀጣሪ መሥሪያ ቤት የተሰየመ ሰው “ፍርድ የለብኝም” ቢል ሕጉ ራሱ የሰጠውን ቃል መናገሩ ነው፤ ኅሊናውን አያስጨንቀው። ለሚስቱ ግን ሕይወቱን እንጂ ማስረጃ አያቀርብም።

የምትሰሙትም ብትሆኑ ሲነገራችሁ አትበቀሉ። እውነት የነገራችሁን ሰው በነገራችሁ እውነት ከመታችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም።

ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የምታስቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። የእኛ ፍርድ ቤት የሰረዘውን ሌላ አገር ላይቀበለው ይችላል። ለምሳሌ የአሜሪካ የቪዛ ማመልከቻ በይቅርታ፣ በምሕረት ወይም በተመሳሳይ መንገድ የቀረ ቢሆን እንኳን ተይዛችሁ ወይም ተፈርዶባችሁ እንደሆነ ይጠይቃል። ዲቪ የደረሳችሁ በዚያ ላይ አትዋሹ። ትእዛዙን አያይዛችሁ እውነቱን ተናገሩ።

“በገንዘብ ፋይልህን እናጠፋልሃለን” ከሚሉ ደላሎች ራቁ። በሐሰተኛ ማስረጃ መገልገል አዲስ ወንጀል ነው፤ የድሮውን ለመሸፈን አዲስ መዝገብ አትክፈቱ። ማመልከቻ ለማስገባት ከመጓዛችሁ በፊትም ችሎቱ ሥራ ላይ መሆኑን፣ መንገዱም ሰላም መሆኑን ጠይቁ።

ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች

የተወደዳችሁ አባቶች፣ በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ሸክም ተሸክሞ ከአገልግሎት የሚሸሽ ወንድም እንዳለ አስቡ። “ለምን አታገለግልም?” ብላችሁ ከመገሠጻችሁ በፊት ለብቻው ጥሩት። የነገራችሁንም ለሚስቶቻችሁ እንኳን አትንገሩ። የመልካም ጠባይ ምስክርነት ሲጠይቃችሁ እውነቱን ጻፉለት፤ አልፋችሁም ፍርድ ቤት አብራችሁት ቁሙ። ጳውሎስ ለፊልሞና ስለ አናሲሞስ ሲጽፍ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው አለ እንጂ ያለፈውን እንርሳው ብሎ ብቻ አላለፈም። የተበደለውን ፊልሞናንም የበደለውን አናሲሞስንም አሰባቸው።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት በእናንተም ሣጥን ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይኖር ይሆናል። ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አውጡትና ለትዳር ጓደኛችሁ አሳዩ። ከዚያም ያልተከፈለ ካሣ፣ ያልተጠየቀ ይቅርታ ካለ አብራችሁ ቁጠሩ። ፍርድ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ዕዳችንን በመስቀሉ የደመሰሰልን ጌታ፣ ለበደልነው ሰው ፊት ለፊት የምንቆምበትን ድፍረትና እርስ በርሳችን የምንሸከምበትን ፍቅር ይስጠን። አሜን።